ማን ደበቀው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ቀኑን ሙሉ በር ስንልግ ዋልን። አብሮኝ የሚሠራው ቀጮ መሮዬን ደበቀ። ከሙጫው ቆርቆሮ ጀርባ አገኘሁት። እኔም በተራዬ መላጊያውን ሰጋቱራ ውስጥ ቀበርኩበት። "አንተ ሽማግሌ ሌባ" አለኝ፤ ሁሉም ሳቁ። እንጨት ሥራ ቤታችን ያለዚህ ጨዋታ አይመሽም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
የግፊት ክኒኔን ላመጣ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ባለቤቴን ታውቃት ነበር። በመጨረሻ ስሜን እንኳ ረስታው እንደሞተች ታውቃለች።
"አባባ፣ ክኒንዎን እንዳያቋርጡ። ግፊትን መቆጣጠር ለመርሳት በሽታም ሳይጠቅም አይቀርም ይላሉ። የአልማዝ ባለጭራ ክትባት ከወሰዱ ሰዎችም መካከል በመርሳት በሽታ የሚያዙት ቁጥር አነስ ብሎ ተገኝቷል።"
"ያድነኛል በይኛ።"
"እንደሱ አላልኩም። ገና እየተጠና ነው። ክትባቱ ግን በእርስዎ ዕድሜ ለአልማዝ ባለጭራውም ቢሆን ያስፈልግዎታል።"
ተወጋሁ። ክንዴ አበጠ። ደስ ብሎኛል... ሰው በመርፌ ደስ ይለዋል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
ለቀጮ ነገርኩት። የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። ግፊት አለበት፤ ክኒኑን ግን መሳቢያ ውስጥ ያጠራቅመዋል እንጂ አይውጠውም።
"ሂድና ተወጋ። ያንተና የእህትህ ደም አንድ ነው" አልኩት።
"እህቴን ጠብቀህ ጨርሰህ ነው ወደ እኔ የመጣኸው?" አለ፣ ሁሉም እየሰማ። "ደግሞ አንተ ምን የሚረሳ ነገር አለህና ነው የምትከተበው? ባዶ ቤት በር ይቆለፍለታል?"
ቀቢው ሳቀ። አለቃችንም ሳቀ። እኔ ወደ መላጊያዬ ዞርኩ።
ማታ ስጸልይ በሆዴ፣ ያንተም ትዝታ ይጥፋብህ አልኩ። ይህ ጸሎት ነው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10
ከዚያ ወዲህ የቀጮን ዕቃ ስደብቅ ከረምኩ። እሱ ይፈልጋል፣ ይራገማል፤ እኔ እንዳላየ ሆኜ እልጋለሁ። ዛሬ ግን ሳልነካው መዶሻው ጠፋ። ቀቢው አልነካሁም ብሎ ማለ። አለቃችንም ማለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።
"እኔ ነኝ" አልኩ። ለምን እንዳልኩ እንጃ... ጨዋታው እንዳይፈርስ ይሆናል።
መዶሻው ከራሱ ከቀጮ ኮት ኪስ ወጣ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20
ቀጮ የአንዱን በር ልኬት ይጠይቀኛል፣ እነግረዋለሁ፣ ዞር ብሎ እንደገና ይጠይቀኛል። በመጨረሻ የተሳሳተ ቁጥር ነገርኩት። አውቄ። ቆረጠው። ሳንቃው ተበላሸ፤ አለቃችን ልክ ልኩን ነገረው።
ቀና ብሎ አየኝ። "እንደዚህ አላልከኝም?" አለ፣ እንደ ሕፃን።
"እኔ ምን አልኩህ?"
የተበላሸውን ሳንቃ አንስቶ እንደገና ለካው።
አምላኬ፣ ምን ዓይነት ሰው ወጣኝ? ይህን እየጠየቅሁ ጋደም አልኩ... ጥሩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2
ቀጮ ከሥራ ተሰናበተ። "መጋዝ አጠገብ የሚረሳ ሰው አላቆምም" አለ አለቃችን። ነርሷ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። አሁን ክኒኑን ሲሰጡት እሺ ብሎ ይውጣል። ያ ሁሉ ምላስ የት ገባ?
"ክኒኑ የረሳውን ይመልስለታል?" አልኳት።
"የሄደውን አይመልስም፣ አባባ። ግፊቱን ይይዝለታል። ከዚያ በላይ ብልዎት ውሸት ነው።"
ስንመለስ መንገዱን ሁሉ እጄን አልለቀቀም። እኔ ደግሞ የተከተበውን ክንዴን አሰብኩ። እኔ እንደ እሱ አይደለሁም፣ ተመስገን... አልኩ። እጁን እንደያዝኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14
ሜትሬን አጣሁት። ጠረጴዛውን በረበርኩ። ኪሴን፣ ሰጋቱራውን። "ማን ደበቀው?" አልኩ እየሳቅሁ።
ማንም አልሳቀም። ቀቢው ብሩሹን አስቀመጠ።
"ጋሼ... ቀጮ ከሄደ ወዲህ እኮ ማንም ምንም አይደብቅም። ነውር ነው ብለን ተማምለን ተውነው። እርስዎም አብረውን ማሉ።"
ማልኩ? መቼ?
"ትዝ ይለኛል እንጂ" አልኩ። "ስቀልድ ነው።"
አለቃችን መጣና አጠገቡ የቆምኩበትን መጋዝ አጠፋው።