ያሸሁት አንገት

ሐሙስ፣ መጋቢት 11
ከስፌት ቤቴ

ለእልኸኛዋ ልጄ፣

«እንደምን አለሽ» ብዬ አልጀምርም፤ እንዴት እንዳለሽ አውቄያለሁ። ወር ሙሉ ስልክ አላነሳ ስላልሽ ጻፍኩ። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ወገቡን እንዳሰፋልሽ ትተሽልኝ የሄድሽውን ካፖርት ዛሬ ስፈታ፣ ከውስጥ ኪሱ የላቦራቶሪ ወረቀት አገኘሁ። ቀኑን አየሁት፤ እኔ ጋ ከመምጣትሽ ሁለት ወር በፊት ነው። ጀርባው ላይ በእጅሽ «ሐኪሙ ምግብ ቀንሺ አለኝ፣ በቃ። ተመልሼ አልሄድም» ብለሽ ጽፈሻል። ቁጥሩ ስላልገባኝ፣ ነጭ ጋወኗን ልትለካ ለመጣች ነርስ ስምሽን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ አሳየኋት።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?» አለችኝ።

«ሃያ ስድስት።»

«ስኳር በሽታ አልሆነም፤ መንገዱን ግን ጀምሯል። ኢንሱሊን አላት፣ ሰውነቷ ግን አልታዘዝም ብሎታል። አንገቷ ላይ ጠቁሮባታል? ቆሻሻ የሚመስል?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

«እሱ ከዚሁ የመጣ ነው፤ ታጥቦ አይለቅም» አለች።

አይለቅም። እኔ ግን ባለፈው ወር ስትመጪ አክስትሽና ሁለቱ ጎረቤቶቻችን ፊት በእርጥብ ፎጣ ፈትጌሻለሁ። «ምነው፣ እናንተ ጋ ውኃ ጠፋ እንዴ?» ብዬ አስቄብሻለሁ። ቀልቶ እስኪላጥ አሸሁት። አንቺም አንገትሽን ደፍተሽ ዝም አልሽ። ለምን? አፍ የለሽም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም? ሆድ ይፍጀው ብለሽ ተነስተሽ ሄድሽ፤ እኔም ይኸው እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ተቀምጫለሁ።

አክስትሽ ጋ ደወልኩ። «ፊቷ ላይ 'ተስማምቶሻል' እያልሽ፣ ዞር ስትል 'ከምግብ አፏን ብትዘጋ ምን አለበት' የምትዪው አንቺ ነሽ» አልኳት። እሷም አልተኛችልኝም። «ልብሷን እያሰፋ የሸነገላትስ ማን ነው?» አለችና ዘጋችብኝ።

እህቴን አንቄ ብገድላት ደስ ባለኝ፤ ግን እውነቷን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በመጣሽ ቁጥር፣ አንቺ ጓደኞችሽ ጋ ስትወጪ ሻንጣሽን ከፍቼ የቀሚሶችሽን ጎን እየፈታሁ አስፍቻለሁ። ትርፉ ጨርቅ ሲያልቅ ሌላ እየቀጠልኩ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነበር። «እማ፣ ልኬ እኮ አልተለወጠም» ስትዪኝ ደስ ይለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ስፌት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለደንበኛ ሠርቼ አላውቅም።

አለቃሽም ከአፌ አያመልጥም። ከጠዋት እስከ ማታ ማዳመጫ ጆሮሽ ላይ ሰክቶ፣ የሰው ስልክ ሲያስመልስሽ ውሎ፣ ለምሳ አሥር ደቂቃ የሚሰጥ እሱ ምን ዓይነት ፍጡር ነው? በመሳቢያሽ ካለው ብስኩትና ለስላሳ ሌላ በአሥር ደቂቃ ምን ይበላል? እንቅልፍሽን በፈረቃ ቆራርጦ ሲያበቃ ጥፋቱ ያንቺ አፍ ብቻ ሆነ። ያ ሐኪምም ሰው ነኝ ብሎ፣ ቀና ብሎ ሳያይሽ በሁለት ቃል ሸኘሽ። ነርሷ ይህን ስነግራት ተናደደች። «አሁን ከተከታተለች ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ብቻዋን አትወጣውም እንጂ። በንዴት ራሷን እንዳታስርብ ንገሪያት» አለችኝ። ነገርኩሽ።

እሷ የምትሠራበት ክሊኒክ ሄጄ ለማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀጠሮ አስይዣለሁ፤ ለሁለታችን። እኔም ደሜን እታያለሁ፤ ይህ ነገር ከየት እንደመጣብሽ ማን ያውቃል። ሰኞ አውቶቡስ ያዢ። እዚህ ስትደርሺ ማንም ምንም አይልሽም፤ እኔም ጭምር። አንድ ቃል የተናገረሽ ሰው በሬን አያልፍም።

አኩርፈሽ ብትቀሪም እሄዳለሁ። እዚያ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ስምሽን ሲጠሩ «የለችም» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። «አለች» እላለሁ።

ዕድሜ ይስጥሽ፤ ከእኔም ላይ ቀንሶ ቢሆን።

እናትሽ