በዕቃ ቤቱ ጥግ ያልጠነከረው በረዶ

እኔ ፍሎሬት ሲማር፣ የሟቹ የአርማን ጎድሮ ሚስት፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት፣ ዛሬ ማክሰኞ ዲሴምበር 9 ቀን 2014 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በሳንት ኦቪድ መንደር በገዛ ወጥ ቤቴ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንም ሳያባብለኝ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። አእምሮዬ ጤነኛ ነው። ጤነኛ ነው ማለት ግን የጠራ ነው ማለት አይደለም። ከሴፕቴምበር ወዲህ ግራ እንደተጋባሁ ነኝ፤ ይህም ይጻፍልኝ።

ቃሌን የሚጽፈው ውል አዋዋዩ ቤኑዋ ላሮሽ ነው። በልጅነቱ በጓሯችን በረዶ ላይ ሲንሸራተት ሁለት ጥርስ የጣለ ልጅ ነውና ቤቱን ያውቀዋል። ምስክሮቼ አርባ ሁለት ዓመት ጎረቤቴ ሆኖ የኖረው ሮዜር ፔልሻና የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ዩጌት ብሉወን ናቸው። ልጄ ዢኔት ወራሽ ስለሆነች ለምስክርነት አትበቃም፤ በሩን ከፍታ በሚቀጥለው ክፍል ልብስ ታጥፋለች። ቤኑዋ የእኔን ቃል ብቻ ሳይሆን እዚህ የሚባለውን ሁሉ እንዲጽፍ አዝዣለሁ፤ በኋላ ማን ምን አለ እየተባለ ጭቅጭቅ እንዳይነሣ።

አንደኛ፣ የስፌት መኪናዬና የሙሽርነት ሳህኖቼ ለዢኔት ይሁኑ። ሳህኖቹ አሥራ ሁለት ነበሩ፤ ዛሬ አሥራ አንድ ናቸው። አንዷን የሰበራት በረዶ ላይ በዱላ የሚመታው የሆኪ ጨዋታ ጥቁር ላስቲክ በመስኮት ገብቶ ነው። የመታውም አርማን እንጂ ልጆቹ አልነበሩም፤ እሱ ግን እስኪሞት ድረስ አላመነም።

ሁለተኛ፣ በየክረምቱ በጓሯችን እንሠራው የነበረው የመንሸራተቻ በረዶ ሜዳ ዕቃ በሙሉ፣ ማለትም ዙሪያውን የሚከቡት አሥራ ስድስት ሳንቃዎች፣ ረጅሙ የውሃ ጎማ፣ ሁለቱ የበረዶ አካፋዎችና አርማን ከአሮጌ በር የሠራው መዳመጫ፣ ለልጅ ልጄ ለሜላኒ ይሰጥ። አሠራሩንም አብሬ አወርሳታለሁ፤ ዕቃ ያለ ሙያ ማገዶ ነውና። ሜላኒ፣ መሬቱ በውርጭ ሳይጠነክር ውሃ እንዳታፈሺ። መጀመሪያ የወረደውን በረዶ በቡትስ እርገጪው። እኛ ክንድ ለክንድ ተያይዘን፣ አርማን ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ልጆቹ መሃል ሆነው፣ እየዘፈንን ከአጥር አጥር እንረግጠው ነበር፤ ላየን ሰርግ እንጂ ሥራ አይመስልም። ከዚያ ውሃውን በስሱ፣ ደጋግመሽ። የቸኮለ ሰው ብዙ ውሃ ባንድ ጊዜ ይለቃል፤ ላዩ ይረጋል፣ ሥሩ ባዶ ይቀራል፣ ሲረግጡትም እንደ ቂጣ ይሰበራል። ስትጨርሺ ጎማውን ወደ ምድር ቤት አስገቢው፤ ውጭ ካደረ እስከ ኤፕሪል እንጨት ነው። የመጀመሪያውን ዙር የምትንሸራተተው የቤቱ እመቤት ናት፤ ይህ የቤታችን ደንብ ነው። ሠላሳ አንድ ክረምት የመጀመሪያው መስመር የእኔ ነበር። ልጆቹ መንሸራተቻ ጫማቸውን ሳያወልቁ ለአተር ሾርባ ሲገቡ ወለሉ እንዳይቧጨር ከበሩ እስከ ጠረጴዛው አሮጌ ምንጣፍ አነጥፍላቸው ነበር። አፍንጫቸው ቀልቶ፣ ሁሉም ባንድ ላይ እየጮኹ ሲገቡ «ደስታ ማለት ይኸው ነው» እል ነበር። አሁንም እላለሁ።

ሦስተኛው አንቀጽ ስለ ልጄ ስለ ኖርማን ነው። ባለፈው ኦገስት ያስጻፍኩት ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «ቤቴ ለዢኔት ይሁን፤ ኖርማን ከቤቱ ድርሻ የለውም፤ በደሉን ግን ይቅር ብዬዋለሁ»። ሰላም የነሣኝ ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

በደል የተባለው ይህ ነው። ዲሴምበር 29 ቀን 2003፣ ሰኞ ዕለት፣ ዘጠኝ ሰው ለገና ተሰብስቦ ቤታችን ሰንብቶ ነበር። የአርማን ወገብ ታሞ ስለነበር በዚያ ሳምንት ሜዳውን ውሃ ያጠጣው ኖርማን ነው። ከቀትር በኋላ በጓሮው ዕቃ ቤት በኩል ባለው የሜዳው ጥግ በረዶው የዢኔትን ልጅ ሜላኒን ከዳት፤ የጫማዋ ስለት ተሰንቅሮ ቅልጥሟ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ስምንት ዓመቷ ነበር። አርማን ከሆስፒታል እንደተመለስን በሁላችን ፊት «ቸኩለህ ነው! ውሃውን ባንዴ ለቀቅከው!» ብሎ ጮኸበት። ኖርማን አንገቱን ደፋ። ዝም ማለቱን ጥፋቱን እንዳመነ ቆጠርንበት። ከዚያ ወዲህ ሜዳው አልተሠራም። ኖርማን ሩቅ አገር፣ ወደ አቢቲቢ፣ ለማዕድን ሥራ ሄደ። በዓመቱ ለገና ልምጣ ሲል «ዢኔት ፊትህን ማየት አትችልም፤ አትምጣ» ብዬ በእጄ ጻፍኩለት። ለአባቱ ቀብር መጥቶ ከኋለኛው ወንበር ተቀመጠ፤ ሳንነጋገርም ተመለሰ።

እንግዲህ በዚህ ሴፕቴምበር የፍሳሽ ጉድጓዱን ሊመጥጥ የመጣው ሰውዬ መሬቱን በብረት ዘንግ እየወጋ፣ «የልብስ ማጠቢያው ውሃ የሚሄድበት ቱቦ በዕቃ ቤቱ ጥግ ሥር ነው የሚያልፈው፤ አንድ ክንድ እንኳ አይጠልቅም» አለኝ። እኔ ልብስ የማጥበው ሰኞ ነው፤ አማቴም ሰኞ ነበር የምታጥበው። በዚያ ሰኞ የዘጠኝ ሰው አንሶላ በፈላ ውሃ አጥቤ ውሃውን አራት ጊዜ በዚያ ቱቦ ለቅቄያለሁ። በረዶውን ከሥሩ ያላላሁት እኔ ነኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ደፈረሰ። አርማን ያውቅ ነበር? አንዳንድ ዓመት «ልጆቹ ከገና ዕረፍት ወደ ትምህርት ቤት እስኪመለሱ ማጠቡን አቆዪው» ይለኝ ነበር። እኔም «አንተ በጎማህ፣ እኔ በሰኞዬ» እያልኩ አፉን እዘጋው ነበር። ግን ካወቀ ለምን ልጁን ወቀሰ? ምናልባት ቱቦውን ያስቀበረው በሌላ ሰው ነውና አያውቅም እል ነበር።

እዚህ ላይ ሮዜር አቋረጠኝ።

«የምን ሌላ ሰው ነው ፍሎሬት? ራሱ አርማን ነው የቆፈረው፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት! የኔን ዶማ ተውሶ። ዶማዬ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያ ዕቃ ቤት ነው።»

«ምስክር ነህ ወይስ ከሳሽ?»

«ዶማዬን ነው የምጠይቀው።»

ቤኑዋ «ምስክር በኑዛዜ ምንም አይወርስም» አለው።

«ውርስ አይደለም እኮ፣ የራሴ ነው!»

ዶማው ይመለስለት። እኔ ግን ሥሩ እንደተቦረቦረ በረዶ ላይ እንደቆምኩ ሆንኩ። «እንግዲያውስ ኖርማንን በዚህ ኑዛዜ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ጻፍ» አልኩት።

ቤኑዋ ብዕሩን አስቀመጠ። «እጽፋለሁ ወይዘሮ ፍሎሬት። ግን ልጅዎ የሚያነበው እርስዎ ካረፉ በኋላ ነው። ያኔ ማንን ምን ይላል?»

ልክ ነው። ስልኩን አምጡልኝ አልኩ። ዩጌት ደውላ ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ኖርማን፣ እኔ ነኝ።»

«እማዬ? ምነው? ዢኔት ምን ሆነች?»

«ማንም ምንም አልሆነም። ያ በረዶ... ያ የዕቃ ቤቱ ጥግ። ከሥሩ ቱቦ አለበት። እኔ ነኝ፣ ልብስ አጥቤ የለቀቅኩት ውሃ ነው። አንተ አልነበርክም።»



«አውቃለሁ እማዬ።»

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ቱቦውን ስንቀብር እኮ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ድንጋዩን ሳወጣ የዋልኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? አፍ የለህም?»

«አባዬ ነዋ። ያን ቀን ሆስፒታሉ ደጅ ላይ ይዞኝ፣ ‹እናትህ የልጅቷን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ ካለች አትነሣም። አንተ ቻለው። እኔ እቆጣሃለሁ፣ ለአንድ ክረምት ነው› አለኝ።»

«አሥራ አንድ ክረምት ሆነ እኮ፣ የኔ ልጅ!»

«የአባዬ ቁጣ የውሸት ነበር። በኋላ ያንቺ ደብዳቤ መጣ። የእውነት የሆነው ያኔ ነው።»

አርማን የፈራው ለምን እንደሆነ ይጻፍ። የመጀመሪያዋን ልጃችንን በቀበርንበት ዓመት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ እስከ ፋሲካ ከአልጋ አልወረድኩም ነበር። ኖርማን ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያስታውሰው እንደሆነ አላውቅም። አርማን እኔን ለማዳን ልጄን ሰጠ። ላመስግነው ወይስ ልርገመው? አላውቅም። መቃብሩ ላይ አበባ እያስቀመጥኩ፣ ሕያው ልጄን ግን በጽሑፍ ያባረርኩት እኔ ነኝ። ይህንን የት አንቀጽ ውስጥ እንደማስገባው ቤኑዋም አላወቀም።

ዢኔት አንሶላ በእጇ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እማዬ፣ እኔ እኮ አሥራ አንድ ዓመት ስሙን አልጠራሁም» አለች። ስልኩን አነሣችና «ኖርማን፣ ዢኔት ነኝ» ብላ፣ ካፖርት ሳትደርብ ወደ በረንዳው ወጣች። በመስኮቱ ስትመላለስ እናያታለን። ስታለቅስ ነበር፤ ቀጥሎ ስትሳደብ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሳቀች። ሮዜር «ብርድ ይገድላታል» እያለ ሦስት ጊዜ ተነሣ፤ ሦስት ጊዜ ዩጌት አስቀመጠችው። ስትመለስ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። «አርብ ይመጣል። ስምንት ሰዓት መንገድ ነው፣ በጠዋት ይነሣል» አለች። ከዚያም «ቤቱን አስቢበት እማዬ፤ ስለ እኔ ብለሽ አትቸኩይ» ብላ ወደ ልብሷ ተመለሰች።

ስለዚህ ያ የኦገስቱ ዓረፍተ ነገር «ይቅር ብዬዋለሁ» ከሚለው ቃሉ ጋር በሙሉ ይሰረዝ። ይቅር የምለው የለኝም። ዢኔት ስምንት ዓመት አስታማኛለች፤ ቤቱን ላሳጣት አልችልም። ኖርማን አሥራ አንድ ዓመት ተሸክሞኛል፤ ላሳጣው አልችልም። ስለ ቤቱ አዲስ አራተኛ አንቀጽ ይከፈት፤ ግን ባዶ ይቀመጥ። ሁለቱን ባንድ ጠረጴዛ ሳላይ አልሞላውም።

ቤኑዋ «በመሃል አንድ ነገር ቢፈጠርስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሞት የሚለውን ቃል አልጠራም።

«እስከ አርብ አልሞትም። ጻፍ።»

«ወይዘሮ ፍሎሬት፣ ይህ እኮ በሕግ...»

«ጻፍ አልኩህ!»

ጻፈ።

ተናዛዥ፦ ፍሎሬት ሲማር፣ በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ።

እኛ ምስክሮች ተናዛዥዋ ይህን ሁሉ በፊታችን መናገሯን፣ አራተኛው አንቀጽ በፈቃዷ ባዶ መተዉን፣ እስከ አርብ አልሞትም ያለችውም በትእዛዟ መጻፉን እናረጋግጣለን።

ሮዜር ፔልሻ፣ ፊርማ
ዩጌት ብሉወን፣ ፊርማ
ውል አዋዋይ ቤኑዋ ላሮሽ፣ ፊርማ፤ አርብ ከቀትር በኋላ ለመመለስ ቀጠሮ ይዣለሁ።