የብቅል እጅ ሲሞላ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ደገፋ፣ ባሕር ማዶ ላሉት።

ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሣለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? የፈረንሳይ አገር ብርድ እንዴት ይዞዎታል? በፊተኛው ደብዳቤ የጻፉልኝ ሳል ለቀቀዎ ወይስ አሁንም ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎታል? ምግቡንስ ለመዱት? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ሁላችንም ደኅና ነን። አዳማ እንደሚያውቋት ናት፤ ዝናቡ ወጣ፣ አቧራው ገባ፣ ባቡሩ ይመጣል ይሄዳል። አባባና እማማም ሚንጃር ደኅና ናቸው፤ ጤፉ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል ብለው ልከዋል።

ደብዳቤዎ በመስቀል ሰሞን ደረሰኝ። ለአክስታችን ለእትዬ አረጋሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሰላምታውን ሲሰሙ አለቀሱ። የብቅሉ ነገር ላይ ስደርስ ግን እንባቸውን ጠረግ አድርገው፣ "ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ የሚማረው ብቅል ነው እንዴ? እኔ ጓሮ ቁጭ ብሎ አይማረውም ነበር?" አሉ።

ያዘዙኝን ሠራሁ። መምህርዎ፣ ብቅል እህሉን ወደ ጣፋጭ የሚለውጥበትን ፍጥነት በሒሳብ መስመር ይስሉታል፣ እርስዎም በአገራችን ገብስ ሊያዩት ፈልገዋል፤ እንዲህ ነው የገባኝ። በአምስት የሸክላ ጻሕል የገብስ ሙቅ ሠራሁ፤ የመጀመሪያው ቀጭን፣ ተከታዮቹ እየወፈሩ የሚሄዱ። ለብ ሲሉ ለሁሉም እኩል ቁንጥር የብቅል ዱቄት ጨመርኩ። ሰዓት ስለሌለን አቡነ ዘበሰማያት እየደገምኩ፣ ለእያንዳንዱ እኩል ቆጠርኩለት። ቆጥሬ ስጨርስ ወዲያው አፈላሁት፤ እሳት ሲበዛበት ብቅሉ ሥራውን ያቆማል ብለው ጽፈውልኛልና። የእኔ ምላስ የትኛው የቱ እንደሆነ ስለሚያውቅ ያደላል ብዬ፣ ጎረቤታችንን ወተት ሻጯን እትዬ ኡሙሰልማን እንዲቀምሱልኝ ለመንኳቸው። የማያሰክር መሆኑን ሦስቴ አስምለውኝ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀመሱልኝ።

ከቀጭኑ ወደ ሁለተኛው ጣዕሙ እጅግ ጨመረ። ወደ ሦስተኛው የጨመረው ያነሰ ነው። አራተኛውና አምስተኛው ግን አይለያዩም። የየጻሕሉን ጣዕም በጠጠር ከምሬ ሳየው መስመሩ ተነሣ፣ ጎበጠ፣ ከዚያ ተኛ። እኔ ነገሩን ያሰብኩት በወፍጮ ነው። የሚፈጩት ሴቶች ብዙ ሆነው እህሉ ጥቂት ከሆነ ግማሾቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። እህል ሲመጣ ዱቄቱም ይበዛል። የሁሉም እጅ ከሞላ በኋላ ግን እህሉን እስከ ጣራ ቢከምሩት የሚፈጨው ያው ነው። ብቅሉን እጥፍ ሳደርገው መስመሩ ከፊተኛው ከፍ ብሎ ሄዶ ተኛ። ጣዕሙ ግማሽ የሚደርስበትን ቦታ ፈልጊ ስላሉኝም፣ እጅግ የጣፈጠውን በእኩል ውሃ በርዤ ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል አስቀመስኩ፤ ከሁለተኛው ጋር ገጠመ። ብቅሉ እጥፍ ሲሆንም ግማሹ ያው ሁለተኛው ላይ ነው የወደቀው። ይህ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ እባክዎ ይጻፉልኝ።

ችግር የመጣብኝ በቆጠራው ነው። ጻሕሎቹ ላይ ጎንበስ ብዬ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ፣ ከማዶ እንደ አክስታችን ጠላ የምትሸጠው ጎረቤታችን መሰለች በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝ። ለባቡር ሠራተኞቹ፣ "የአረጋሽ ልጅ ጓሮ ሆና ትደግማለች። እናንተ የምትጠጡት ጠላ መስሏችኋል!" ብላ ነገረቻቸው። በዚያው ሳምንት አክስታችን ለግብዣ ተቻኩለው፣ ገና የሚንተከተከውን እህል ሳያበርዱ ብቅል ጨመሩበትና ጠላው ሳይደርስ ቀረ። ለሰሚው የመሰለች ወሬ እውነት ሆነ። ደንበኞቹ ሁሉ ማዶ ተሻገሩ።

አክስታችን ጠሩኝና፣ "ልጄ፣ ክፉ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። የሰው አፍ ግን ቤቴን ዘጋብኝ። የሚንጃር ነጋዴዎች ሲመለሱ አብረሽ ትሄጃለሽ" አሉኝ። ጠባዬን ያውቁታል፤ ተከራክሬ አላውቅም፣ ጓዜን መሸከፍ ጀመርኩ። ሚንጃርን ጠልቼ አይደለም። እዚያ ግን ወረቀትም የለ፣ ደብዳቤዎን የሚያመጣ ባቡርም የለ፤ የጀመርነው ሥራ እዚህ ይቀር ነበር።

መናገር ቢያቅተኝ ማሳየት አያቅተኝም ብዬ እትዬ ኡሙሰልማን አማከርኳቸው። እሳቸው አክስታችንንና መሰለችን ጓሮ ጠሩልኝ። ሁለት ጻሕል ሙቅ አቀረብኩ፤ አንዱ የሚንተከተክ፣ ሌላው ለብ ያለ። ብቅሉን አክስታችን በገዛ እጃቸው ጨመሩ። እኔ ደገመች እንዳልባል አፌን በውሃ ሞልቼ፣ ጉንጬን ነፍቼ ቆምኩ። እትዬ ኡሙሰልማ፣ "ኧረ ይህች ልጅ ድሮም ውሃ የጎረሰች ነው የምትመስለኝ!" ሲሉ ሳቄ መጥቶ ውሃው በአፍንጫዬ ሊወጣ ነበር። ለብ ያለው ቀጠነ፣ ጣፈጠም። የሚንተከተከው እንደ ወፈረ ቀረ።

መሰለች፣ "ጠዋት ደግማበት ይሆናላ!" አለች። አክስታችን ግን ሁለቱንም ቀምሰው፣ "ብቅሉን ያበቀልኩ እኔ፣ የጨመርኩ እኔ። እንግዲያ ደጋሚዋ እኔ ነኛ!" አሏት። ከዚያ ወፍራሙን ሙቅ እንደገና ቀመሱና፣ "ለካ ያን ጠላ የገደልኩት ራሴ ነኝ" አሉ።

ነጋዴዎቹ ለእማማ ጨውና ነጠላ ይዘው ሄዱ፤ እኔን አልወሰዱኝም። ደንበኞቹም አንድ ሁለት እያሉ ተመልሰዋል። አክስታችን አሁን እህሉ ሳይበርድ ብቅል አይጨምሩም። "እስኪበርድ ስንት አቡነ ዘበሰማያት ይፈጃል?" ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ይኸው እሳቸውም እህሉ ላይ ጎንበስ ብለው ይደግማሉ፤ ድምፃቸውም ከእኔ ይጎላል። መሰለች በአጥሩ ቀዳዳ ታያቸዋለች።

አብሮዎ ለሚማረው ለሰንበታ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ባመመዎ ጊዜ ብርድ ልብስ ለደረቡልዎ ለቤቲቱ እመቤት ጉልበታቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ለመምህርዎም እጅ ነሥቻለሁ። እትዬ ኡሙሰልማ፣ አላህ በሰላም ያግባህ ይላሉ። አክስታችን እትዬ አረጋሽ ዓይንዎን ስመው እንዲህ ጻፊልኝ ብለዋል፦ "መምህርህ የሚቆጥሩት በምን ጸሎት ነው? የእነሱ አጭር ከሆነ የእኛን ንገራቸው።"

ታናሽ እህትዎ ዘርፉ
አዳማ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፬ ዓ.ም.