የአባዬ ሳንቃ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብ ሕመምህ እንዴት ሆነልህ? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ፣ ወይስ እንደ ልማድህ ቆመህ ነው የምትጎርሰው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም። እማዬ ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ምላሷ እንደ ድሮው ነው፣ ተመስገን።

ዛሬ ወሬ ስላለኝ ቁጭ ብለህ አንብብ። የድሮው ወፍጮ ቤት ትዝ ይልሃል? ጡረታ የወጡት አስተማሪያችን «መንደራችን ታሪኳን ሳታውቅ ልታረጅ ነው» ብለው ሰዉን አስተባበሩና የመንደሩ ታሪክ ማሳያ አደረጉት። ቤት ለቤት እየዞሩም ዕቃ ለመኑ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን የእግር ስፌት መኪናዋን ከሰጠች ወዲህ በየቀኑ እየሄደች አቧራውን ትቆጣጠራለች። ማሳያው ቤት አማት የመጣችበት ነው የሚመስለው።

ከእኛ ቤት የፈለጉት አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፀጉር ያስተካክልበት የነበረውን ወንበር ነው፣ ከነሳንቃው። ያቺን ቁመታችን አልደርስ ሲል በእጅ መደገፊያዎቹ ላይ አጋድሞ የሚያስቀምጠንን ሳንቃ ማለቴ ነው። አንድ ልጅ መጀመሪያ ፀጉሩን ሲቆረጥ ጠርዟ ላይ በቢላ አንድ ጭረት ይጭርለትና «በቃ፣ ከሰው ተቆጠርህ» ይለው ነበር። እማዬ «ባሌን ሙዚየም አላስገባም» ብላ አስተማሪውን ደጋግማ መለሰቻቸው። በኋላ ግን «እኔ ካለፍኩ ለሳንቃዋ ማን ያውቅላታል?» ብላ እሺ አለች።

መዘዙ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። አብሮ አደግህ አናጢው ወንበሩን ላሳምር ብሎ ወሰደው። ልቡ ደግ ነው፣ አባዬን ስለሚወድ ምሳውን እንኳ ረስቶ ሠራው። ሳንቃዋንም በመላጊያ ልጎ ልጎ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ እንደ መስታወት የምታብለጨልጭ አድርጎ አመጣት።

እማዬ ጠርዟን በጣቷ ዳሰሰች። ደግማ ዳሰሰች። አንድም ጭረት የለም። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለን ነበር። «ልጆቹን አጠፋሃቸው?» አለችና ቁጭ አለች። አናጢው ያን ግዙፍ ሰውነቱን የሚያስገባበት ጠፋው። «የእኔም እኮ እዚያ ላይ ነበረች፣ እማማ» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ወሬው ሲዳረስ ባለጭረቶቹ አንድ በአንድ ወደ ወፍጮ ቤቱ መጡ። እማዬ ሳንቃዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቦታ ቦታቸውን አሳየቻቸው፤ ሁሉም የራሱን በገዛ እጁ ጫረ። አንዱን «አንተ የባሌን ጣት ነክሰህበት የአንተ ጠማማ ነበረች፤ አጣመህ ጫር!» አለችው። መላጣው ሾፌር «ከፀጉሬ የተረፈኝ ይቺ ጭረት ናት፣ ጠለቅ ላድርጋት» ብሎ ሰዉን አሳቀ። እኔም ቅማል ይዞኝ የተላጨሁባትን ጫርኩ። አናጢው ጥግ ይዞ ሲቆም እማዬ ጠርታ ቢላዋን ራሷ አቀበለችው።

አሁን በእኔና በአናጢው ጭረት መካከል አንድ ልሙጥ ቦታ አለ። ያንተ ነው። እኔ ልጫርለት ብል እማዬ ቢላዋን ነጠቀችኝ። «እሱ እጅ የለውም? መጥቶ ይጫር» አለች። አስተማሪው ለእንግዳ ሁሉ ስለ እያንዳንዷ ጭረት ያስረዳሉ። ልሙጡ ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን ለእማዬ ይለቁላታል። እሷም «ይሄኛው መንገድ ላይ ነው» ትላቸዋለች።

ባለቤትህን ሰላም ብላሻለች በላት፤ ትንሿን ልጅህን ጉንጮቿን ሳምልኝ። አናጢው ቢያፍርም ሰላም ብሎሃል። ልብስ ሰፊዋም ወፈረ ወይስ ከሳ ብላ ጠይቃለች። እማዬ አገላብጣ ትስምሃለች፤ ቢላዋን ወንበሩ ላይ አስቀምጣልሃለች።

እህትህ
ከእማዬ በረንዳ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ