ቤቱን ቢጫ የቀቡት ለማን ነው?

እማዬ፣ ናፍቆቴ፣

ከተለየሽን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ዛሬ በከተማችን በንፋስ መውጫ ሰማዩ ጠርቷል፤ ከጓሯችን ማዶ ያለው መስክ በአደይ ተሸፍኗል። ደህና መሆንሽን እንዳልጠይቅሽ መልስ የለሽም። ስለዚህ ቶሎ ጥፋቴን ልናገር። አባባን ጠረጠርኳቸው። አሁን ሙሉ በሙሉ ትቼዋለሁ ብልሽ ግን እዋሻለሁ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ቤቱ እንደነበረ ነው የቆየው። ያ አመድማ ግድግዳ፣ ያ የደበዘዘ መጋረጃ። አባባ መስኮት እንኳ አይከፍቱም ነበር። እኔም አርብ ገበያ ከተማ ስለማስተምር ወደ ቤት የምመጣው በወር አንዴ ቢሆን ነው። ከፋሲካ በኋላ ስመጣ ባጃጁ ደጃችን አቆመኝና ቤት የተሳሳትኩ መሰለኝ። ግድግዳው እንደ አደይ ቢጫ ሆኗል። በሩ ሰማያዊ፣ ደፉ ደግሞ ደማቅ ቀይ! ውስጥ ስገባ ትልልቅ አበባ ያለበት መጋረጃ ተሰቅሏል፤ መደቡ ላይ ብርቱካንማ ጨርቅ፣ ወለሉ ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል። አንቺ በልጅነትሽ የሰፋሻቸው ሰፌዶች፣ ቆጥ ላይ አቧራ የጠገቡት፣ ታጥበው ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል።

«አባባ፣ ምን ተገኘ?» አልኳቸው።

«ምን ይገኛል? ክረምት ሳይገባ ቤቱ ትንሽ ይድመቅ ብዬ ነው» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

እማዬ፣ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ። አዲስ ሸሚዝ ስትገዢላቸው እንኳ «ሙሽራ ልታደርጊኝ ነው?» የሚሉ ሰው ናቸው። ሙት ዓመትሽ ሳይወጣ ቤት ማስጌጥ ከየት መጣ? ደግሞ ሲያናግሩኝ ዓይኔን አያዩኝም። ከትከሻዬ በላይ፣ ወደ በሩ ነው የሚያዩት። ያፈረ ሰው እንዲህ ነው አልኩ በልቤ። ፎቶሽን ስፈልገው ከአልጋው ራስጌ ተነስቷል፤ መስኮቱ አጠገብ ሰቅለውታል።

በማግስቱ ጎረቤታችን እማማ ዝማም ውኃ ስቀዳ ጠጋ ብላ «አባትሽ ቤቱን የሙሽራ ቤት አስመሰሉት፤ ልብስ ሰፊዋ ጥሩወርቅም እግሯ ከደጃችሁ አልጠፋም» አለችኝ። ጥሩወርቅን ታስታውሻታለሽ፣ ባሏ የሞተባት፣ ገበያው ዳር ሲንጀር መኪና ይዛ የምትቀመጠው። ያን ቀን ከሰዓት መጣች። ሳታንኳኳ ገባች። የአባባን ጋቢ ከመደቡ ላይ አንስታ ዳር ዳሩን በቀይ ክር ትጠልፍ ጀመር። እኔ ቆሜ ሳያት እሷም ቀና ብላ አየችኝና መጥለፏን ቀጠለች።

አርብ ገበያ ከተመለስኩ በኋላ ልቤ አላረፈም። ስደውል ከጀርባ የሴት ድምፅ የሰማሁ ይመስለኛል። «ማን አለ?» ስላቸው «ማንም» ይላሉ። ስልኩን ካነሱ በኋላ ማን እንደሆንኩ እስክናገር ይጠብቃሉ፤ የኔን ቁጥር ረስተው ሳይሆን የሌላ ሰው ስልክ እየጠበቁ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ክፉ ሐሳብ አንዴ ከገባ ሁሉም ነገር ምስክር ይሆነዋል።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ መጣሁ። እሑድ ጠዋት አባባ ቅዳሴ ሲሄዱ ብቻዬን ቀረሁ። ያኔ ነው ያበድኩት። የአበባውን መጋረጃ ነቅዬ አወረድኩ። ብርቱካንማውን ጨርቅ፣ ቀይ ምንጣፉን፣ ሰፌዶቹን ሁሉ ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተትኳቸው። ያንቺን አሮጌ መጋረጃ ከሣጥን አውጥቼ ሰቀልኩ። ወንበሮቹን አንቺ ታስቀምጫቸው እንደነበረው መለስኳቸው። ፎቶሽንም ራስጌው ላይ። ከዚያ እጄን አጣጥፌ ጠበቅኳቸው፤ የምናገረውንም አዘጋጅቼ ነበር።

አባባ ደፉን በደህና ተሻግረው ገቡ። ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ቆሙ። እጃቸውን ወደፊት ዘረጉ። ወደ መደቡ ሲዞሩ ጉልበታቸው ቦታውን ከቀየርኩት ዱካ ወንበር ጋር ተጋጨና በመዳፋቸው መሬት ላይ ወደቁ። እኔ ከፊታቸው ሦስት ክንድ ርቄ ቆሜያለሁ፤ አላዩኝም።

«ማነው?» አሉ። «ቤቴን የት አደረጋችሁት?»

ያዘጋጀሁትን ንግግር ረሳሁት። አንስቼ መደቡ ላይ አስቀመጥኳቸው። መዳፋቸው ተልጦ ነበር፤ እያጠብኩላቸው ሁሉንም ነገሩኝ። ካለፈው መኸር ጀምሮ ዓይናቸውን ጉም መሰል ነገር ጋርዶታል። ደማቁ ብቻ ነው የሚታያቸው፤ ፎቶሽንም መስኮቱ አጠገብ የሰቀሉት ብርሃን እንዲያገኘው ነው። አመድማው ግድግዳ፣ የደበዘዘው መጋረጃ፣ መሬቱ፣ ሁሉም አንድ ሆኖባቸዋል። ጥሩወርቅ አንድ ቀን ገበያ ላይ ከአህያ ጋር ሲጋጩ አይታ ነው ያወቀችው። ለማንም እንዳትናገር አስማሏት፤ ደማቁን መጋረጃ የሰፋችውም፣ የጋቢውን ዳር የጠለፈችውም ለዚህ ነው።

«ለኔስ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሥራሽን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ ነዋ። እናትሽን ስታስታምሚ አንድ ዓመት ከኮሌጅ ትምህርትሽ ቀረሽ፤ ይበቃል።»

«ቀለሙንስ ማን መረጠው?»

ፈገግ አሉ። «እናትሽ ናት የመረጠችው። የተጋባን ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትመለስ፣ ከወንዝ ዳር ቢጫ አፈር ቆፍራ ጎጇችንን እንዲህ ነበር የለቀለቀችው። በሩን ሰማያዊ አደረገችው። ጎረቤት ሳቀብን። ዓይኔ ጨርሶ ቢጠፋ እንኳ በልቤ አይቼ የምመላለስበት ቤት እሱ ነው።»

እማዬ፣ ይህን አንቺም ነግረሽኝ አታውቂም። እኔ ያንቺ ነው ብዬ የመለስኩት ቤት የበሽታሽና የድካምሽ ቤት ነበር። እሳቸው የሠሩት ግን ሲያገቡሽ የነበርሽዋ የሃያ ዓመት ልጅ ቤት ነው። ያንኑ ቀን ሁሉንም አንድ በአንድ መልሼ ሰቀልኩ፤ እሳቸው ቁጭ ብለው «ወደ ግራ፣ ትንሽ ከፍ» እያሉ።

ነሐሴ ላይ ደብረ ታቦር ወሰድኳቸው። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለን፤ አንደኛው ዓይናቸው ተሠርቶ ተመለስን። ቤት ሲገቡ ግድግዳውን ዳር እስከ ዳር ተመለከቱና «ምን ዓይነት ቅብ ነው! እንደ ዥጉርጉር ላም አደረግኩት እኮ» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ልቀይረው ብል ግን እሺ አላሉኝም።

ቀጥሎ «ጥሩወርቅን ጥሪያት፣ ሥራዋን ልይላት» አሉ። መጣች። አባባ መጋረጃውን ትንሽ፣ እሷን ብዙ አዩ። እኔም አየኋቸው። ስሸኛት ደጅ ላይ ያዝኳትና «እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አልኳት።

«ልጄ፣ እኔ መጋረጃ ነው የሰፋሁት» አለችኝ።

አላመንኳትም። ግን እጇን አልለቀቅኩም፤ መልሼ አስገባኋትና እንዴት እንደምትስቂ፣ ምን እንደሚያስቆጣሽ፣ ያንን ቢጫ አፈር ከየት እንደቆፈርሽ እስኪመሻሽ ነገርኳት። እሷም ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ዓይኔንም ከሁለቱ ላይ አላነሳም። ይህን ግን ቃል እገባልሻለሁ፦ በዚህ ቤት ማንም ይግባ ማን፣ አንቺን ሳያውቅ አይቀመጥም።

ልጅሽ፣
የሺ