መጽሐፉ ከመሃል ሲገለጥ

ውድ አባዬ፣

ልጅሽን ለንባብ ምርመራ እንዳትወስጃት ብለኸኝ ነበር፤ ወሰድኳት። ከሰው አፍ ከምትሰማው ብዬ ራሴ ጻፍኩልህ።

በስልክ “ገበናችንን አደባባይ ልታወጪ ነው?” ስትለኝ ስልኩን የዘጋሁት አባቴ ላይ ላለመጮህ ብዬ ነው። ሰፈራችን አዳራሽ ውስጥ መምህራን ንባብ የጀመሩ ሕፃናትን እየተቀበሉ፣ ማን እንደሚቸገር ቀድመው ያያሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። ገበናው ምኑ ላይ ነው?

ባለፈው ስትመጣ ልጄ የጥንቸሏን መጽሐፍ እንዴት እንዳነበበችልህ ታስታውሳለህ። ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች፣ ገጹን በሰዓቱ እየገለጠች፣ አንድ ቃል ሳትስት ተወጣችው። “በአያቷ ወጣች!” ብለህ ጎረቤት ሁሉ ጠራህ። እኔም አብሬህ ተኩራራሁ።

አዳራሹም ያንኑ መጽሐፍ በብብቷ ይዛ ሄደች። አንዲት መምህርት አጠገቧ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ በጨዋታ ጀመረች፤ ቃል በጭብጨባ አስከፋፈለቻት፣ በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ ነገሮችን አስፈለገቻት። ከዚያ መጽሐፉን ከመሃል ገለጠችላት። ልጄ ገጹን አየች፣ እኔን አየች።

“ከመጀመሪያው ልጀምር?” አለች ቀስ ብላ።

አባዬ፣ አታነብም ነበር። እኔ ሳነብላት ሰምታ መጽሐፉን ከነገጹ በቃሏ ይዛዋለች። ሰነፍ ልጅ ይህን ያደርጋል? መምህርቷ ገና በደንብ መታየት እንዳለባት፣ ፊደሉና ድምፁ አልገናኝ እንዳላት፣ አሁን ከታገዘች ግን እንደምታነብ ነገረችኝ።

እዚያው ወንድሜ ትዝ አለኝ። አንተ ፊት መጽሐፍ ሲይዝ ዓይኑ ከገጹ ይልቅ ቀበቶህ ላይ ነበር። “ድንጋይ” ትለው ነበር፣ ስሙ እስኪመስል ድረስ። የመኪና ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው ድንጋይ ነው? ፊደል በቀበቶ የሚገባ ቢሆን እሱ ዛሬ ፕሮፌሰር ነበር። በዚህ እስካሁን ተናድጄብሃለሁ።

ስለ ልጄ ስነግረው፣ “ትልቅ ሰውም ያያሉ እንዴ?” አለኝ። አርባ ሊሞላው ነው፣ አባዬ። የሚያየው ሰው ፈልጌ እሱንም እወስደዋለሁ፤ ከፈለግህ ተቆጣ።

ቤቴ ና፣ እወድሃለሁ። እንግዳ ፊት ግን “አንብቢ” እንዳትላት። አጠገቧ ተቀመጥና መጽሐፉን ከመሃል ገልጠህ አንተ አንብብላት። እሷ ልሞክር ስትል ደግሞ ጠብቃት፤ ወንድሜን ያልጠበቅከውን ያህል ጠብቃት። እኔ ቤት ድንጋይ የሚባል ልጅ የለም።

ያላፈረችው ልጅህ