ሁለታችንን የማይችል አካውንት

ለአክስቴ ልጅ፣ ለሙዚየሙ፣

ስትመጣ አታገኘኝም። አውቶቡሱ ከሥራ ሳትወጣ ስለሚነሳ ነው እንጂ ሸሽቼህ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ሸሽቼሃለሁ።

ቁልፌ ፍሪጁ ላይ ነው። የሻወሩን ቧንቧ አጥብቀህ ካልዘጋኸው ሲያንጠባጥብ ያድራል። እናትህ ብትጠይቅ፣ ሥራ ጠርቶት ነው በላት። ግማሹ እውነት ነው።

የጌም ማሽኑን ትቼልሃለሁ። ጌሞቹን ግን መተው አልቻልኩም፤ ሁሉም የተገዙት በእኔ አካውንት ነው። በጌም ሲዲዎችህ ስቄ ሙዚየም ያልኩህ፣ «አቧራ ከምትጠርግ ከኢንተርኔት እንግዛ፣ ከቤት የት ይሄዳል?» ያልኩህ እኔው ነኝ። አንተም አምነኸኝ መደርደሪያውን ሙሉ ሸጥክ።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላሉ። በእጅ ያልያዙት ምን ተብሎ እንደሚቆጠር እንጃ። ሲዲ ቢሆን ኖሮ የኳሱን አንተ፣ የመኪናውን እኔ ብለን እንካፈል ነበር።

አካውንቴን ከማሽኑ አላወጣሁትም፤ አንተም አታውጣው። ችግሩ፣ ለሁለት ሰው ባንዴ አይከፍትም። እኔ በሄድኩበት በሌላ ማሽን ስከፍት አንተን ያስወጣሃል።

ትናንት የተባባልነውን እዚህ አልደግመውም። እንደማትደውል አውቃለሁ፤ እኔም ራሴን አውቀዋለሁ።

ስለዚህ አንድ ቀን ጎል ልታገባ ስትል ቢዘጋብህ አትሳደብ። ደህና ደርሻለሁ፣ ማሽንም አግኝቻለሁ ማለት ነው። ከዚህ ሌላ የምንጠያየቅበት መንገድ የቀረን አይመስለኝም።

ወዲያው እወጣልሃለሁ።